እጅ ከጆሮ ቀድሞ እንዳይሮጥ፦ ለሊድ ጊታር ተማሪ የ45 ደቂቃ ልምምድ

ሊድ ጊታር (ዜማና ሶሎ የሚጫወተውን ጊታር) የሚለማመዱ ብዙ ልጆች አውቃለሁ። ሰነፎች አይደሉም። በቀን ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴም ሦስት ሰዓት ቁጭ ብለው ይሠራሉ። ግን ያ ሁሉ ሰዓት የሚሄደው ለጣት ነው። ስኬል (የድምፅ መሰላል) ወደ ላይ፣ ስኬል ወደ ታች፣ ነገም ያው። ጣት ይፈጥናል፣ ጆሮ እዚያው የነበረበት ይቀራል፣ አንድ ቀን ዘፋኝ አጠገብ ሲቀመጡ ደግሞ የሚሉት ነገር ያጣሉ።

በራሴ ደርሶ አይቼዋለሁ። ጊታር ከያዝኩ ሁለት ዓመት ገደማ ሆኖኝ ነበር። የጓደኛዬ እህት በተዳረች ማግስት ቤት ተሰብስበን ሳለ አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ማሲንቆ አውጥተው ትዝታ ጀመሩ። «አንተም ግባ እንጂ» አሉኝ። ገባሁ። የማውቀውን ሁሉ በፍጥነት ደረደርኩት። አንዱም ግን ለዘፈኑ መልስ አልነበረም። እሳቸው ስንኙ ሲያልቅ በማሲንቋቸው አራት ድምፅ ብቻ መለሱ። አራት! ቤቱ በሙሉ «እሰይ!» አለ። ማታ ቤት ገብቼ ልምምዴን ከላይ እስከ ታች ቀየርኩት። አሁን የማካፍላችሁ ያንን ነው። ለእኔ ሠርቶልኛል፣ በኋላ ላስተማርኳቸው ልጆችም ሠርቶላቸዋል።

አከፋፈሉ እንዲህ ነው። በቀን 45 ደቂቃ፦ ለመቃኘትና ለማሟሟቅ 5፣ ለእጅ 10፣ ለቅኝት 10፣ ለጆሮ 12፣ ለመጫወት 8። ለጆሮ ትልቁን ድርሻ የሰጠሁት ሆን ብዬ ነው፣ ሁሉም ሰው የሚዘለው እሱን ስለሆነ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መሥራት እሁድ አንድ ጊዜ አምስት ሰዓት ከመቀመጥ በጣም ይሻላል፣ ጣትም ጆሮም የሚለምደው በድግግሞሽ ነውና። ስልካችሁ ላይ ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ)፣ ቱነር (ክር መቃኛ) እና የድምፅ መቅጃ ይኑር፣ አጠገባችሁ ደግሞ ደብተር። ጊታሩን ከቦርሳው አውጡትና ዓይናችሁ የሚያርፍበት ቦታ አቁሙት። ዚፕ ከፍቶ ማውጣት ራሱ ደክሞ የገባን ሰው ያሸንፋል።

መጀመሪያ መቃኘት። ቱነሩን ወዲያው አትክፈቱ። 6ኛውን (ወፍራሙን) ክር 5ኛ ፍሬት (በብረት መስመሮች የተከፋፈለው የጊታሩ አንገት ክፍል) ላይ ይዛችሁ 5ኛውን ክር ከእሱ ጋር አመሳስሉ። 5ኛውን 5 ላይ ይዛችሁ 4ኛውን፣ 4ኛውን 5 ላይ ይዛችሁ 3ኛውን። 3ኛው ክር ላይ ብቻ 4ኛ ፍሬት ነው የሚያዘው፣ 2ኛው ከእሱ ጋር ይቃኛል። ከዚያ 2ኛውን 5 ላይ ይዛችሁ 1ኛውን። ሁለት ድምፆች ሊገጥሙ ሲቀርቡ የሚሰማ መንቀጥቀጥ አለ። እየቀረቡ ሲሄዱ መንቀጥቀጡ ይዘገያል፣ ሲገጥሙ ይጠፋል። ያንን መስማት ስትለምዱ የጆሮ ልምምዳችሁ ተጀመረ ማለት ነው። በመጨረሻ ቱነሩን ክፈቱና ምን ያህል እንደተሳሳታችሁ እዩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስህተቱ እየጠበበ ሲሄድ ታያላችሁ። በቀረችው ደቂቃ ጣቶቻችሁን በቀስታ አንቀሳቅሱ፣ በተለይ ጠዋት ከሆነና ከበረዳችሁ።

ቀጥሎ እጅ። እዚህ ላይ የማየው ስህተት በአንድ ቀን ሁሉን መሥራት ነው። ቀናቱን ከፋፍሏቸው። ሰኞ የፒክ (የክር መምቻ) እጅ፣ ማክሰኞ ቤንድ (ክር ገፍቶ ድምፅ ከፍ ማድረግ) እና ቫይብሬቶ (ድምፅ ማርገብገብ)፣ ረቡዕ ሃመር ኦንና ፑል ኦፍ (ያለ ፒክ፣ ጣት ክሩ ላይ በመጣልና በመንቀል ድምፅ ማውጣት)፣ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። ለፒክ እጅ በአንድ ክር ላይ ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይ ሳታዛቡ ምቱ። ሜትሮኖሙ 60 ላይ ይሁን፣ በአንድ ምት አራት ኖታ። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ንጹህ ከወጣ ወደ 64 ከፍ አድርጉ። ከተበላሸ 10 ቀንሱና እንደገና ጀምሩ። በተበላሸ ፍጥነት ሃያ ጊዜ መደጋገም ስህተቱን ራሱን ማጥናት ነው። ከአንድ ክር ወደ ሌላ መሻገር የሚከብዳችሁ ከሆነ ሙሉውን ስኬል ተዉትና የምትሻገሩባቸውን ሁለት ኖታዎች ብቻ ያዙ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው እዚያ ነው።

ቤንድ ላይ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ሊድ ጊታርን እንደ ሰው ድምፅ የሚያናግረው እሱ ነው፣ በብዛት የሚበላሸውም እሱ ነው። 3ኛውን ክር 7ኛ ፍሬት ላይ በቀለበት ጣት ያዙ። ሌባ ጣትና መሐል ጣት ከኋላ በዚያው ክር ላይ ተደግፈው ያግዙት። ብቻውን ከተዋችሁት ጣቱ ይደክማል፣ ድምፁም ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። አሁን መጀመሪያ የምትደርሱበትን ድምፅ ስሙ፦ 2ኛውን ክር 5ኛ ፍሬት ላይ ምቱ። መድረሻችሁ ያ ነው። ያንን በአፋችሁ አዜሙት። ከዚያ 3ኛውን ክር ግፉ፤ ግፊቱ ከጣት ጡንቻ ሳይሆን ከእጅ አንጓ መዞር ይምጣ፣ የበር እጀታ እንደምታዞሩት። ድምፁ ያዜማችሁት ጋ ሲደርስ ያዙት። አልደረሰም? አለፈ? ሁለቱን ክሮች አብራችሁ ምቱና የመቃኘቱን መንቀጥቀጥ ፈልጉ። መንቀጥቀጡ ከጠፋ ደርሳችኋል። በቀን አሥር እንዲህ ያለ ቤንድ በጥንቃቄ መሥራት ግማሽ ሰዓት ዝም ብሎ ክር ከመጎተት ይበልጣል። የክራችሁ ውፍረት 10 ቁጥር ሆኖ በጣም ከጠነከረባችሁ ወደ ቀጭኑ 9 ቁጥር ውረዱ፣ ምንም ነውር የለውም። የጣት ጫፍ መቁሰል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያለ ነው። የእጅ አንጓ ወይም የክንድ ሕመም ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ ሲመጣ ወዲያው አቁሙ፣ ቀኑንም አሳርፉት።

የማትመቱትን ክር ዝም ማሰኘትም የእጅ ሥራ ነው። የቀኝ መዳፋችሁ ጠርዝ ወፍራሞቹ ክሮች ላይ ቀስ ብሎ ይረፍ፣ የግራ እጃችሁ ሌባ ጣት ጫፍ ከላይ ያለውን ክር፣ ሆዱ ደግሞ ቀጫጭኖቹን ይንካ። ይህን ለማየት ኤሌክትሪክ ጊታራችሁን አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ላይ ሰኩትና ዲስቶርሽኑን (ድምፁን የሚያሻክረውን) ክፈቱት። የተደበቀው ጫጫታ ሁሉ ይወጣል። ለፒክ ልምምድ ግን ተቃራኒውን አድርጉ፣ ድምፁ ንጹህ ይሁን፤ ዲስቶርሽን ደካማ ምትን ይሸፍናል። መብራት ከጠፋ ደግሞ ሳትሰኩ ተለማመዱ። ሌሊትም ቢሆን ጎረቤት አትረብሹም፣ እያንዳንዱ ምት እኩል መሆኑንም በደንብ ትሰማላችሁ።

ወደ ቅኝት እንሂድ። ኢንተርኔት ላይ ያለው የጊታር ትምህርት ከሞላ ጎደል በብሉዝና በሮክ ላይ የተመሠረተ ነው። ጥሩ ነው፣ እኔም የጀመርኩት ከዚያ ነው። ግን የእኛን ሙዚቃ መጫወት የሚፈልግ ሰው ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን በጊታሩ አንገት ላይ ማግኘት አለበት። ለዚህ የማውቀው ምርጥ መንገድ አንድ ክር ላይ መጀመር ነው። 6ኛውን ክር ባዶውን ምቱትና እንዲጮህ ተዉት። እሱ ቤታችሁ ነው። ከላዩ ላይ 1ኛውን (ቀጭኑን) ክር ብቻ ተጫወቱ። ቁጥሮቹ ፍሬቶች ናቸው፣ 0 ማለት ባዶ ክር፦

ትዝታ ሜጀር 0 2 4 7 9 12
ትዝታ ማይነር 0 2 3 7 8 12
ባቲ ሜጀር 0 4 5 7 11 12
ባቲ ማይነር 0 3 5 7 10 12
አምባሰል 0 1 5 7 8 12
አንቺሆዬ 0 1 5 6 9 12

አንድ ክር ላይ ስትሆኑ ርቀቱን በዓይን ታዩታላችሁ። አምባሰል ላይ ከ0 ወደ 1 ያለችው ጠባብ እርምጃ፣ ቀጥሎ ከ1 ወደ 5 ያለው ትልቅ ዝላይ፣ ያ ነው ጠባዩን የሚሰጠው። እጃችሁ ሲዘል ጆሯችሁም አብሮ ይዘላል። በአንድ ሳምንት አንድ ቅኝት ብቻ ያዙ። አንቺሆዬን ወደ መጨረሻ አቆዩት፣ ጆሮ እሱን ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል። ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ባህላዊ ዘፋኝና የማሲንቆ ተጫዋች ድምፁን ሁልጊዜ ልክ ጊታሩ ፍሬት ላይ አያስቀምጡትም። ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል፣ ተንሸራትቶም ይገባል። ስለዚህ ቁጥሩን ካወቃችሁ በኋላ በስላይድና በጥቂት ግፊት የዘፋኙን ድምፅ ፈልጉት።

አንድ ክር ከተዋሐዳችሁ በኋላ ወደ ሣጥኑ ሂዱ፣ ማለትም አንድ ቦታ ላይ ሆናችሁ ስድስቱንም ክር ወደምትጫወቱበት አያያዝ። ሁሉም ጀማሪ የሚያውቀው የ5ኛ ፍሬት ሣጥን አለ። ከወፍራሙ ክር ጀምሮ 5 እና 8፣ 5 እና 7፣ 5 እና 7፣ 5 እና 7፣ 5 እና 8፣ 5 እና 8። የብሉዝ አስተማሪዎች ኤ (A) ማይነር ፔንታቶኒክ (አምስት ድምፅ ያለው ስኬል) ይሉታል። ለእኛ እሱ ከኤ የተነሣ ባቲ ማይነር ነው። አሁን ይህን ሞክሩ። ስልካችሁ ላይ የኪቦርድ መተግበሪያ ክፈቱና የኤ ድምፅ አስይዙ፣ በሣጥኑ ውስጥ ተጫወቱ፣ ስትጨርሱ 4ኛው ክር 7ኛ ፍሬት ላይ እረፉ። ባቲ ነው። ቀጥሎ ድምፁን ወደ ሲ (C) ቀይሩት። አንድም ፍሬት ሳትቀይሩ እነዚያኑ ኖታዎች ተጫወቱ፣ ግን ስትጨርሱ 3ኛው ክር 5ኛ ፍሬት ላይ ወይም 1ኛው ክር 8ኛ ፍሬት ላይ እረፉ። ትዝታ ሜጀር ሆነ! መጀመሪያ ሲገባኝ ጊታሩን አስቀምጬ ለአፍታ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ጣቶቼ ለሁለት ዓመት ትዝታ ላይ ሲመላለሱ ነበር፣ የት ማረፍ እንዳለብኝ ስላላወቅኩ ግን ትዝታ ሆኖ አያውቅም።

ጆሮ ላይ ደረስን። ሥራው አንድ ነው፦ ከሚወዱት ዘፈን ላይ አጭር ሐረግ መያዝ። አጭር ስል አራት ሰከንድ፣ ቢበዛ ስድስት። ሙሉ ሶሎ አትጀምሩ። ሐረጉን ደጋግማችሁ ስሙ፣ ከዚያ አጥፉትና አዚሙት። ማዜም ካልቻላችሁ ገና አልሰማችሁትም፣ ጊታሩን አትንኩ። ማዜም ከቻላችሁ አንድ ክር ላይ ፈልጉት፣ ቀጥሎ እጅ ወደሚመች ቦታ አምጡት። ከፈጠነባችሁ ዩቲዩብ ላይ ፍጥነቱን 0.75 ወይም 0.5 አድርጉት፣ ድምፁ ሳይወርድ ይዘገያል። ታብ አትፈልጉ፣ ቢያንስ ሐረጉን ራሳችሁ እስክታገኙ ድረስ። ታብ የጣት ቦታ ይነግራችኋል፣ ያንን ቦታ ጆሮ ለምን እንደመረጠው ግን አይነግራችሁም።

የድሮ ካሴት ላይ የሚሠራ ሰው የሚገጥመው ነገር አለ። ጊታሩ በቱነር ልክ ተቃኝቶ እንኳ ከዘፈኑ ጋር አይገጥምም፣ በሁለት ፍሬት መካከል ያለ ይመስላል። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። የቴፕ ፍጥነት ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ድምፁ አብሮት ይሄዳል። ጊታሩን ወደ ዘፈኑ ቃኙት፣ ከዚያ ሥሩ።

ከማን ልስማ ለሚል ሰው፦ በአይቤክስና በሮሃ ባንድ ሊድ ጊታር የተጫወተውን ሰላም ስዩም ወልደማርያምን ስሙ። ዘፋኙ ሲዘፍን ጊታሩ እንዴት ቦታ እንደሚለቅለት፣ መቼ እንደሚገባ ልብ በሉ። የጊታር ተጫዋቹን ግሩም መዝሙርንም ስሙ፣ የአገራችንን ዜማ በጃዝ ኮርድ ውስጥ እንዴት እንደሚያስኬደው። ከውጭ ደግሞ የብሉዝ ጊታር ተጫዋቹ ቢቢ ኪንግ። አንድ መስመር ይዘፍናል፣ ያቆማል፣ ሉሲል ያላት ጊታሩ ትመልስለታለች። ለእኛ ጆሮ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ አዝማሪና ማሲንቆው የሚያደርጉት ነው።

ቀኑን ሥራ ውላችሁ፣ ታክሲ ተሰልፋችሁ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ቤት የምትገቡ ከሆነ የጆሮውን ግማሽ እዚያው ታክሲ ውስጥ ጨርሱት። ኢርፎን አድርጉና አራቷን ሰከንድ ደጋግሙ፣ በሆዳችሁ አዚሟት። ቤት ስትደርሱ የሚቀረው ክሩ ላይ ማግኘት ብቻ ነው። 20 ደቂቃ ብቻ ባላችሁ ቀን ደግሞ ለመቃኘት 3፣ ለእጅ 5፣ ለጆሮ 7፣ ለመጫወት 5 አድርጉት። ቅኝቱን ለነገ አሳድሩት፣ ጆሮውን ግን አታስቀሩ።

የመጨረሻው 8 ደቂቃ መጫወት ነው፣ ይቀረጻል። ባኪንግ ትራክ (ሊድ የሌለበት አጃቢ ቅጂ) ክፈቱ ወይም ያንኑ ኪቦርድ ድምፅ አስይዙ። ሕጉ አንድ ነው፦ መጠየቅና መመለስ። በአፋችሁ አንድ ሐረግ አዚሙ፣ ጊታሩ ይመልስ። ቀጥሎ ጊታሩ ይጠይቅ፣ እናንተ በአፋችሁ መልሱ። በየሐረጉ መካከል ትንፋሽ ውሰዱ፣ የእውነት ትንፋሽ፣ አየር ሳባችሁ። ዘፋኝ ሳይተነፍስ አይዘፍንም፣ ጊታር ግን ስለማይተነፍስ ያለማቋረጥ ያወራል። አንዳንድ ቀን ራሳችሁን ገድቡ፦ ሦስት ኖታ ብቻ፣ ስምንቱንም ደቂቃ። መጀመሪያ ይጨንቃል። ከአራተኛው ደቂቃ በኋላ አንዱን ኖታ በስንት ዓይነት መንገድ መናገር እንደሚቻል ማየት ትጀምራላችሁ። ረዥም፣ አጭር፣ ተገፍቶ፣ ተንሸራትቶ፣ ዘግይቶ።

ስለ ምት ደግሞ ለብቻው ማለት ያለብኝ አለ። ሊድ ተማሪዎች ምትን የሪትም ተጫዋች ጉዳይ አድርገው ይተዉታል፣ ይህ በጣም ያሳዝነኛል። የእስክስታው ምት፣ ችክችካ፣ ስድስት ስምንተኛ (በአንድ ዙር ስድስት ኖታ) ነው። ሜትሮኖሙን 60 ላይ አድርጉና በአንድ ምት ሦስት ሦስት ኖታ ተጫወቱ፣ አንድ-ሁለት-ሦስት፣ አራት-አምስት-ስድስት። ሲገባችሁ እነዚያኑ ስድስት ኖታዎች ሁለት ሁለት አድርጋችሁ አጽኑ፣ አንድን፣ ሦስትንና አምስትን። እግራችሁ ሁለት ሲመታ እጃችሁ ሦስት ይላል። እስክስታ የሚያስወርደው መጎተት እዚያ ውስጥ አለ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ሐሙስ፣ የእጅን 10 ደቂቃ በሙሉ ለዚህ ስጡት። የምትለማመዱትን ዘፈን ኮርዶችም በዚያው ቀን ያዙ። ከሥር ያለውን ኮርድ የማያውቅ ሊድ ተጫዋች የት እንዳለ አያውቅም።

በደብተሩ ላይ በየቀኑ አንድ መስመር ይበቃል፦ «ሰኞ፣ ፒክ 72» ወይም «ማክሰኞ፣ 3ኛ ክር 7 ቤንድ፣ ከአሥሩ ስድስት ደረሰ»። ቅዳሜ የሳምንቱን ቅጂዎች ስሙ። ጊታሩን ሳትይዙ ስሙ፣ የሌላ ሰው እንደሆነ አድርጋችሁ። ቤንዱ ከታች ከቀረ ለሚቀጥለው ሳምንት ከሌላው አምስት ደቂቃ ወደ እጅ አዙሩ። ሐረጎቹ ሁሉ ከሣጥኑ የወጡ ጣት-መር ነገሮች ከሆኑ ወደ ጆሮ አዙሩ። ምቱ ከሮጠ ሐሙስን ሁለት ቀን አድርጉት። 45 ደቂቃው ሳይለወጥ ክፍፍሉ በየሳምንቱ ይለወጣል። ሚዛን የምለው ይህንን ነው።

እሁድ ሜትሮኖም የለም። ሰው ፈልጉ። ክራር የሚጫወት፣ ኪቦርድ የሚነካ፣ ወይም ድምፅ ብቻ ያለው ጎረቤት። ስትቀመጡ መጀመሪያ ቅኝቱን ጠይቁ፣ ከየት እንደሚነሣም አረጋግጡና በአንድ ክር ላይ ቤቱን ፈልጉ፣ በጣም ቀስ ብላችሁ። የመጀመሪያውን ስንኝ ምንም ሳትነኩ ስሙ። ሁለተኛው ላይ ዘፋኙ የሚያርፍበትን ድምፅ ብቻ ንኩ። ሦስተኛው ሲያልቅና ሲተነፍስ፣ ያኔ ሦስት ወይም አራት ኖታ መልሱለትና ቦታውን ልቀቁ።